ጥያቄ የተከለከለው ውርንጭላ

አንድ ጊዜ አንዲት እህል የምትጭን አህያ ጆሮው ከራሱ የሚረዝም ውርንጭላ ነበራት። ጠዋት ጠዋት እሷ ጭነቷን ተሸክማ ወደ ወፍጮ ስትወርድ እሱ ባዶ ጀርባውን ይዞ ዱብ ዱብ እያለ ይከተላታል። አፉ ታዲያ አያርፍም።

«እማዬ፣ ወፍጮው ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ነው፣ ልጄ።»

«ድንጋዩን አያመውም?»

«እሱን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።»

እንዲህ እያሉ መንገዱ ሳይታወቃቸው ያልቃል።

አንድ ቀን መንገዳቸው ላይ ባለው ወንዝ መሻገሪያ ቀበሮ አገኘቻቸው። ውርንጭላውን ከላይ እስከ ታች አየችውና ከንፈሯን መጠጠች።

«እመት አህያ፣ ልጅሽ ጆሮ ብቻ ሆኖ ቀረ እኮ። አይበላም እንዴ?»

«ኧረ ይበላል።»

«ታዲያ ሥጋውን የጨረሰው ጥያቄው ነዋ። አጥር ውስጥ ተይው፣ ለምለም ሣር አቅርቢለት፣ ለሚጠይቅሽ ነገር መልስ አትስጪው። በወሩ እንደ ቅል ይድቦለቦላል።»

ቀበሮ ለሌላው ልጅ መቼ ተጨንቃ ታውቃለች? ከጅብ ጋር ተማክራ ኖሯል፤ እሱ ውርንጭላውን ሲበላ ጉበቱን ሊያስቀርላት። ግን ልጅሽ ከሳ የተባለች እናት ምኑን ታመዛዝነዋለች? እሺ አለች።

ውርንጭላው አጥር ውስጥ መዋል ጀመረ። አመሻሽ ላይ ስትመለስ «እማዬ፣ ወንዙ ሞልቷል?» ይላታል። ዝም። «ወፍጮው ዛሬም ጮኸ?»

«ጥያቄህን ተውና ብላ።»

በላ። ጎኑ ሞላ፣ ሆዱ ተንዘረጠጠ፣ እሷም ደስ አላት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ስትገባ ምንም አልጠየቃትም። ሁለቱም ጆሮዎቹ ተኝተዋል። እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ዞር ስትል ደግሞ አጥሩ ሥር የእንግዳ ዱካ አየች።

«ማን መጥቶ ነበር?»

«አንድ የሚያነክስ። ወፍረሃል፣ ጎበዝ አለኝ። ነገ ወንዙን ሊያሳየኝ ይመጣል።»

«ማን ነኝ አለህ?»

«አልጠየቅኩትም። አትጠይቅ ብለሽኝ የለ?»

እናት የሚያነክሰው ጅብ መሆኑ ገባት። አጠገቡ ተጋደመችና ስለ ጅብ የምታውቀውን ሁሉ ነገረችው፤ ጠረኑን፣ አረማመዱን፣ መንጋጋውን። ስትጨርስ አንዱ ጆሮው ቀና አለ።

«ሣር ይበላል?»

«አይበላም፣ የኔ ጌታ» አለችው፣ እንባዋ እየመጣ።

በነጋታው እሑድ ነበርና ወፍጮ የለም። እናት ከገለባው ክምር ጀርባ ቆመች። ቀን መቁጠር የማያውቀው አያ ጅቦ እያነከሰ መጣና አጥሩን ገፋ አድርጎ ገባ።

«ና እንሂድ፣ የወንድሜ ልጅ።»

«የአባቴ ወንድም ነህ?»

«እንዴታ፣ የአንድ እናት ልጆች ነን።»

«እንግዲያ ከመንገዳችን በፊት ሣር ቅመስ።»

ጅብ አሰበ፤ ማሰብ ደግሞ አይሆንለትም። «ሣሩን አንተ ብላ፤ እኔ አንተን...» ብሎ ሳይጨርስ የእናት ኮቴ መንጋጋው ላይ አረፈ። «ምንም አያውቅም ብላኝ፣ ይቺ ቀበሮ» እያለ ቁልቁል ፈረጠጠ።

ሰኞ ውርንጭላው ወደ መንገዱ ተመለሰ። መሻገሪያው ላይ ቀበሮ ምንም እንዳልሰማች ሆና «ልጁስ እንዴት ነው?» አለች። ውርንጭላው ሁለቱንም ጆሮዎቹን አቁሞ ቀረባት።

«እመት ቀበሮ፣ ከሥጋዬ የትኛው ነበር የሚደርስሽ?»

ያቺ ምላሰኛ ጅራቷን ሸጉጣ ወደ ቁጥቋጦው ገባች።

ወንዙን ሲሻገሩ «እማዬ፣ ቀበሮ ለምን ዝም አለች?» አላት። እናቱም ጭነቷን አስተካክላ እስከ ወፍጮው ድረስ መለሰችለት።

ከዚህ የምንማረው ልጅ የሚያድገው በሚበላው ብቻ ሳይሆን ሲጠይቅ በሚያገኘው መልስም መሆኑን ነው።