ሐመልማል እሑድ እስክትደርስ

ተረት ነውና አድምጡ። እየረዘመ ቢሄድ ግን ተራኪውን አትውቀሱ፤ ያስረዘሙት ቢሮዎቹ ናቸው።

የጭነት መኪና በሚያቋርጣት አንዲት ከተማ ሐመልማል የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት እሑድ መድረስ። አስፋልቱ ዳር ሳጥኖቹን ትስላለች፣ ጠጠሯን ትወረውራለች፣ በአንድ እግሯ ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን ትዘላለች። ሐሙስ ላይ ስትደርስ ጥሩምባ ይጮሃል፣ ተሳቢ ይመጣል፣ ልጆቹ ይበተናሉ። ባለፈው ክረምት ታላቅ ወንድሟ ፈጥኖ አልተበተነም፤ እግሩ ተሰበረ።

ከአስፋልቱ ማዶ ሜዳ አለ። በከተማዋ ፕላን ላይ የሕፃናት መጫወቻ ነው። መንገዱ ሲሠራ ጠጠር ይከማችበት ተብሎ በቆርቆሮ ታጠረ። መንገዱ አለቀ፣ ጠጠሩም አለቀ፣ አጥሩ ግን ቀረ።

ትርሲት የሕፃናት መርጃ ማኅበር ሠራተኛ ነች። አንድ ቀን በዚያ ስታልፍ ሐመልማል በነጭ ነገር ስትስል አየቻትና ጠመኔውን ከየት እንዳመጣች ጠየቀቻት። ልጅቱ ከወንድሟ እግር የወለቀ ጀሶ መሆኑን ነገረቻት። ጀሶውን የገዛው የትርሲት ማኅበር ነበር። ትርሲት ወደ መንገዱ አየች፣ ወደ ሜዳው አየች፤ የሚቀጥለው ጀሶ ለማን እንደሚሆን አሰበችና ተሻግራ የሜዳውን በር አንኳኳች።

ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም። «የኔ ልጅ፣ እኔ የያዝኩት ቁልፍ ነው፤ ሥልጣን አልያዝኩም» አላት። ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ሐመልማልም እሑድ ሳትደርስ ቀረች።

ትርሲት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሹም ሄደች። ሹሙ ሻይ አዘዘላት፣ በሁሉም ነገር ተስማማላት፤ ሲጨርስ ግን ምክር ቤት ያሳጠረውን ሜዳ እሱ እንደማያስከፍት አስረዳት። ሹሙ ዘበኛውን አላዝም አለ፤ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ሐመልማልም እሑድ ሳትደርስ ቀረች።

ወደ ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሄደች። ወይዘሮዋ ስለ ሜዳው እስከ ዛሬ ብዙ ሰው አዝኖ እንደነገራቸው፣ ቀርቦ የጠየቀ ግን እንደሌለ ገለጹላት። ማኅበራችሁ ስምና ማኅተም አለው፤ ለምን አይጠይቅም? አሏት። ምክር ቤቱ ሳይጠየቅ አልወስንም አለ፤ ሹሙ ዘበኛውን አላዝም አለ፤ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ሐመልማልም እሑድ ሳትደርስ ቀረች።

ትርሲት ደስ ብሏት ወደ ማኅበሩ ሰብሳቢ ወደ አቶ አድማሱ ሮጠች። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰምተዋት ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ እኛ በጎ አድራጊዎች ነን። ጀሶ እንገዛለን። ምክር ቤት ደጅ መቆም ፖለቲካ ነው።»

አቶ አድማሱ እንዲህ የሚሉት በምክንያት ነበር። በቀድሞው ሕግ ጊዜ፣ አብዛኛው ገንዘቡ ከውጭ የሚመጣለት ማኅበር በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ሲከለከል፣ ከማኅበሩ ሰሌዳ ላይ «መብት» የምትለውን ቃል በገዛ እጃቸው ቀለም ቀብተው ያጠፉት እሳቸው ናቸው። በኋላ ሕጉ ተሻረ፤ የአቶ አድማሱን ፍርሃት የሻረ ምክር ቤት ግን አልነበረም። እናም ፍርሃቱ ሰብሳቢውን አልለቅም አለ፤ ሰብሳቢው ለማኅበሩ አልፈቅድም አሉ፤ ማኅበሩ ምክር ቤቱን አልጠይቅም አለ፤ ምክር ቤቱ ሳይጠየቅ አልወስንም አለ፤ ሹሙ ዘበኛውን አላዝም አለ፤ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ሐመልማልም እሑድ ሳትደርስ ቀረች።

ወሩ የምርጫ ወር ነበር። አንድ ጠዋት አቶ አድማሱ ትርሲትን ፈገግ ብለው ጠሯት። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ካርቶን ሙሉ ካናቴራ ተቀምጧል፤ ደረቱ ላይ የአንድ የምክር ቤት አባል ፎቶ ታትሞበታል። ሰውዬው ዳግመኛ ለመመረጥ ይወዳደራል። ማኅበሩ የሚረዳቸው ልጆች ይህን ለብሰው የምርጫ ሰልፉ ላይ ከዘመሩለት ሜዳውን በሳምንቱ አስከፍታለሁ ብሏል።

«አየሽ፣ ማንንም ሳንጠይቅ ተገላገልን» አሉ አቶ አድማሱ። «ልብሱም ለልጆቹ ይሆናል።»

ትርሲት አንዱን ካናቴራ አነሳች። መጠኑ ለሐመልማል ልክ ነበር። ከሜዳው የሚለያት ይህችው አንዲት ካናቴራ ናት፤ አጣጥፋ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው።

«ጋሼ፣ የተፈቀደውን ፈርተው የተከለከለውን እሺ አሉ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ምክር ቤት ቀርቦ ሜዳው ይከፈት ማለት ሕጉ የፈቀደው ነው። ሁሉንም እኩል ከጠየቅን ጥያቄ ነው። የአንዱን ፎቶ ልጆቹ ደረት ላይ ካደረግን ግን ቅስቀሳ ነው፤ ለማኅበር የተከለከለው እሱ ነው።»

አቶ አድማሱ የካርቶኑን ክዳን ዘጉት። በስማችን ነው የምንጠይቀው? አሉ፤ አዎ አለቻቸው። በግልጽ? አዎ። ማንንም ሳንደግፍ? አዎ።

«ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን የፈራሁት ምኑን ነው?»

ትርሲት በጣቷ ወደ ማኅበሩ ሰሌዳ ጠቆመች። ሰሌዳው ላይ ያለውን የቀለም ጠባሳ በየቀኑ ስታየው ኖራለች።

ካርቶኑ ከምስጋና ጋር ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። አቶ አድማሱም ኮታቸውን ለብሰው ምክር ቤቱ ፊት ቆሙ። ድምፃቸው የመምህር ድምፅ ነበር።

«ልንለምን አልመጣንም፤ ልንጠይቅ ነው የመጣነው። የልጆች እግር እየተሰበረ ጀሶ መግዛት ሰለቸን። የልጆቹን ሜዳ ለልጆቹ ክፈቱላቸው።»

እጅ አውጡ ሲባል ባለካናቴራውም አወጣ። በምርጫ ወር ብቻውን እጁን አጣጥፎ መታየት አልፈለገም።

እነሆ፣ ፍርሃቱ ሰብሳቢውን ለቀቀ፤ ሰብሳቢው ለማኅበሩ ፈቀዱ፤ ማኅበሩ ምክር ቤቱን ጠየቀ፤ ምክር ቤቱ ወሰነ፤ ሹሙ ዘበኛውን አዘዘ፤ ዘበኛውም ዝገቱን በዘይት አርሶ በሩን ከፈተ፤ «እኔማ ድሮም ቁልፉን ይዤ ነበር» አለ።

ሐመልማል በቀረቻት የጀሶ ስባሪ፣ ጠጠሩ ተከማችቶበት በነበረው የሜዳው የሲሚንቶ ወለል ላይ ሳጥኖቿን ሳለች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ሐሙስ ላይ ስትደርስ ከልማዷ ቆም ብላ መንገዱን አዳመጠች። ጥሩምባው ከአጥሩ ወዲያ ጮኸ፤ እሷን ለማባረር ግን አልነበረም። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ።

ከዚያም በአንድ እግሯ እንደቆመች ዞረች፤ ጨዋታው ደርሶ መልስ ነውና።

ተረቴ በሩን ከፍቶ ሄደ፤ መጫወት የፈለገ ይግባ።