የሸበሊት ጠጠር

በሸበሊት ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች፣ አንድ ሰው በገዛ እጁ ያጠፋውን መልሶ ሲመኝ ካዩ፣ አራት ቃል ብቻ ይናገራሉ። ባለቤቴ የወንዝ ዓሣ ያጠና ስለነበር አባባሉን ሰምቶ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አስፍሮታል። ከሥሩ በእርሳስ “መጀመሪያ ያለው ማን ነው?” ብሎ ጽፏል። ሊጠይቅ አልተመለሰም። ባለፈው ጥቅምት እኔ ሄጄ ጠየቅሁ። የነገሩኝ እንዲህ ነው።

ሸበሊት ሐይቁን በሚቀላቀልበት ቦታ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። ከመንደሩ ሰዎች አንዱ ዋሴ የሚባል፣ ከደንገል ታንኳ በማሰርም መረብ በመጣልም የተመሰገነ ሰው ነበር። አንድ ዓመት ዝናቡ አጠረና ዓሣው ጠፋ። የዋሴ ትልቁ ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ በዚያው ቀረ። ስማቸው የሚባለው ትንሹ ብቻ ቤት ውስጥ ተረፈ። ያኔ ዋሴ ለመንደሩ ሚካኤል ተሳለ፦ “ዓሣውን ብትመልስልኝ፣ ይህንንም ልጅ አጠገቤ ብታቆይልኝ፣ ግቢህን በወንዝ ጠጠር አለብሰዋለሁ።”

ስለቱ ለአገሩ የሚሆን ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በክረምት ጭቃ ይውጠዋል፤ አሮጊቶች እየተንሸራተቱ ነበር የሚያስቀድሱት። ግማሽ ቀን ወደ ላይ ሲኬድ ደግሞ ወንዙ ይታጠፋል። እዚያ ስስ ውሃ በንጹሕ ጠጠር ላይ እየተንሿሿ ያልፋል።

በተከታዩ ዓመት ዝናቡ ሞላ፤ ዓሣውም መጣ። ዋሴ ቃሉን ጠበቀ። አህዮቹን ነድቶ ስድስት ቀን ሙሉ ጠጠር አመላለሰ። የዋሴ ስለት ሰመረ ሲባል ጎረቤቶቹም በየተራ ተሳሉ፤ በየተራም ጫኑ።

እጥፋቱ አጠገብ የሚኖሩት እትዬ ጥሩአየሁ ውሃ ሲቀዱ ያዩዋቸው ነበር።

“ይህን ሁሉ ለምኑ ነው?” አሉ አንድ ቀን።

“ለሚካኤል ነው፣ እትዬ።”

“ሚካኤል ጠጠር አነሰኝ አለ? ተዉት፣ ያደረበት አለ።”

አጥማጆቹ ሳቁ። “ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ የሚሰስት ሰው አየን” እየተባባሉ አህዮቻቸውን ነዱ።

በአራተኛው ዓመት ዋሴ አንድ ነገር አስተዋለ። መረቡ ውስጥ የሚገቡት ትልልቅ ዓሦች ብቻ ነበሩ። ልጅ የሌለበት መንደር የመሰለ ነገር ሆነበት። “ታናናሾቹ የት ሄዱ?” እያለ ያገኘውን ሁሉ ጠየቀ። አንዱ የማዶ ሰዎች መተት ነው አለው። ሌላው ስለቱ ቢያንስ ነው አለ። ሰው ሁሉ ሁለተኛውን አመነና እንደገና ተሳለ። በቀጣዩ ዓመት ትልልቆቹም ጠፉ።

“አባዬ፣ እኔም እሄዳለሁ” አለ ስማቸው በመስቀል ማግስት።

“እስከ ኅዳር ሚካኤል ታገሠኝ። አንድ ጭነት ብቻ ይቀረኛል።”

አባትና ልጅ ሦስት አህያ ነድተው ወደ እጥፋቱ ወጡ። ከዚያ ሁሉ ጠጠር የቀረው ወንዙ ዳር ከቆመ ሾላ ጥላ ሥር ያለው ብቻ ነበር። እትዬ ጥሩአየሁ እንስራቸውን አስቀምጠው መንገድ ዘጉ።

“ይቺን ተውልኝ።”

“እትዬ፣ ዓሣ ጠፍቶብን እኮ ነው። ይህ ልጅ ሊሄድብኝ ነው።”

“ዓሣ ነው የምትፈልገው?”

“ሌላ ምን እፈልጋለሁ።”

“እንግዲያ እጅህን እዚህ ስደድ።”

ዋሴ ጎንበስ ብሎ እጁን በጠጠሩ መካከል አስገባ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንድ ነገር ጣቱን ነካ አደረገው፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። ጥፍር የማያክሉ የዓሣ ጫጩቶች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ይደበቁ ነበር።

እትዬ ጥሩአየሁ ቀጥለው ጠጠሩ ወደተነሣበት ወሰዱት። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደለል ውስጥ ገባ።

“እናቲቱ ነሐሴ ላይ ከሐይቅ ትመጣለች” አሉ። “እንቁላሏን የምትጥለው ጠጠር መካከል ነበር። አሁን ጭቃ ላይ ትጥለዋለች፤ ታፍኖ ነጥቶ አገኘዋለሁ። የተፈለፈለውም መጠጊያ ስለሌለው ጎርፍ ይወስደዋል።”

ባለቤቴ ይህንኑ በቁጥር አስልቶ በብዙ ገጽ ጽፎታል። እሳቸው ያወቁት ውሃ ሲቀዱ ነው።

“ጠጠሩን ብመልሰው በስንት ዓመት ይመጣሉ?” አለ ዋሴ።

“ለመረብህ እስኪደርሱ? አራት ክረምት፣ ከዚያም በላይ።”

ዋሴ ልጁን አየው። ስማቸው አላየውም፤ ደረቱን ጠጠሩ ላይ አስተኝቶ በሁለት እጁ ውሃው ውስጥ ይፈልግ ነበር። “አባዬ፣ ይቺኛዋ ጢም አላት” አለ።

በማግስቱ ዋሴ የሚካኤሉን ቄስ እያፈረ ጠየቃቸው። “አባ፣ የሰጠሁትን ልወስድ ነው። ይቀየመኝ ይሆን?”

ቄሱ ግቢውን አዩት። “ሚካኤል ጭቃ አይፈራም፤ ውሰድ” አሉ።

ስማቸው ጠጠሩን በመጣበት ጆንያ መልሶ ማጋዝ ጀመረ። ይህ ሥራ ሲያልቅ እሄዳለሁ ይል ነበር። ኅዳር ሚካኤል አለፈ፤ እሱ ግን አሁንም አህያ ይነዳ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ እጥፋቱ ላይ ጠጠር ሲደፉ፣ ጎረቤታቸው አንሙት ከወንዙ ላይኛ በኩል ጠጠር የጫኑ አራት አህዮችን እየነዳ መጣ። እትዬ ጥሩአየሁን ሲያይ ቆም አለ።

“እትዬ፣ እነዚህን ምን ነካቸው? እኛ ዓሣ ስጠን ብለን ስለት ስናደርስ፣ እነሱ ስለት ያፈርሳሉ።”

እትዬ ጥሩአየሁ መጀመሪያ አህዮቹን አዩ፣ ቀጥለው አንሙትን አዩ፤ ከዚያ እንስራቸውን እያዘሉ፦ “ጠጠሩን ጭኖ፣ ዓሣውን ለምኖ” አሉት።