በእሸት ወር የተራቡት ሽማግሌ

«አንድ ሰው ነበሩ፤ ጥርስ አልነበራቸውም።»

የኔታ ወጋቸውን እንዲህ ብለው የጀመሩት የሻረግ ላቀረበችላቸው ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ነው። የሻረግ አባቷን ከገጠር አምጥታ ቤቷ ካኖረቻቸው ወዲህ እየከሱ አስጨንቀዋታል። «ሐኪሙ ደኅና ናቸው ይላል። ምግባቸው በሰዓቱ ይቀርባል፣ ልብሳቸው ንጹሕ ነው። ምን ጎደለብዎት ስላቸው ‹ተመስገን ልጄ፣ ምን ይጎድልብኛል› ይሉኛል። የኔታ፣ ከዚህ በላይ ምን ልስጣቸው?» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የኔታ ቀጠሉ።

«እኒህ ሰው ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሽማግሌ ነበሩ። ያን ዓመት በመንደሩ በቆሎ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ሰው የሚያደርስበት አጣ። እሸት ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ዛሬ ካልበሉት ውሎ አድሮ ድንጋይ ይሆናል። በየቤቱ ሲጠበስና ሲቀቀል ሰንብቶ ሆድ ሁሉ እምቢ ሲል፣ ሰው ሽማግሌውን አስታወሰ። ሲተርፍ ቸር መሆን መቼ ያቅታል! አንዱ ታቅፎ ይመጣል፣ ሌላዋ በቅርጫት ተሸክማ ትመጣለች። እሳቸውም ‹ዓመት ዓመት ያድርሳችሁ› ብለው መርቀው ይቀበላሉ። ጥርስ የለኝም ማለት አፈሩ። እሸት ይዞ የመጣ ሰው እንዴት ይመለሳል? የከረመው እህል ከጎተራ አልቋልና ሌላ የሚቀመስ ነገር በቤታቸው አልነበረም።

አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታቸው እንደ ልማዷ ታቅፋ ስትገባ፣ በፊት ያመጣችው በቆሎ ከነቅጠሉ ከበሩ ኋላ ተከምሮ አየች። ደሟ ፈላ። ‹አባባ፣ የኔን እሸት ንቀው ነው?› አለች። ከያዘችው አንዱን መዝዛ ከምድጃው ፍም ላይ ጠበሰችና እጃቸው ላይ አኖረችው። ‹በሉ፣ እያየሁ ይብሉልኝ!›

ሽማግሌው እምቢ አላሉም። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አፋቸው አስጠጉት። ወዲህ አገላበጡት፣ ወዲያ አገላበጡት፣ መጠጡት። በመጨረሻ በጋቢያቸው ጫፍ ጠራርገው መለሱላት። ‹ሽታው እንዴት ደስ ይላል፣ ልጄ› አሉ። ከበቆሎው ላይ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም።

ሴትዮዋ ከዚያው ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ካመጣችው እሸት ለጋ ለጋውን መርጣ ፍሬውን በቢላ ፋቀች፣ በድንጋይ ወፍጮ አላመችው፣ ጨውና ቅቤ ጨመረችበት። በራሱ በበቆሎው ቅጠል ጠቅልላም ድስት ውስጥ በጥቂት ውኃ አበሰለችው። ሲወጣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሶ ነበር። እየቆረሰች፣ እፍ እያለች አጎረሰቻቸው። ሽማግሌው እያነቡ በሉ፤ እሷም አብራቸው በላች። ከዚያ ወዲህ እሸት ይዛ ስትመጣ ሳታበስለውና ሳታጎርሳቸው ሄዳ አታውቅም።»

የኔታ ወጋቸውን እዚህ ላይ አበቁ። ከዚያ ወደ የሻረግ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ አንቺም ከአባትሽ በር ኋላ በቆሎ ከምረሻል። ክፉ ሆነሽ አይደለም፤ እጅሽ ለጋስ ነው። ግን እስቲ ልጠይቅሽ፤ ምሳቸውን አቅርበሽ ወዴት ትሄጃለሽ?»

«ወደ ሥራዬ ነዋ፣ የኔታ» አለች የሻረግ።

«እሳቸውስ ከማን ጋር ይበላሉ?»

«ብቻቸውን» አለች የሻረግ አቀርቅራ።

«አባትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሰብስበው፣ ‹አፈር ስሆን› እያሉ ሲያጎርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ብቻቸውን መብላት አያውቁበትም፤ ቢያኝኩት ቢያኝኩት አይወርድላቸውም። ይህንን ደግሞ እንዴት ብለው ይንገሩሽ? ሥራዋን ላስፈታት ነው ብለው ይፈራሉ፤ ስለዚህ ‹ተመስገን› ይሉሻል። በይ ተነሺ፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል። ዛሬ ወጥ አትጨምሪላቸው፣ ሥጋ አትፈልጊላቸው። አጠገባቸው ቁጭ በይና ‹አባዬ፣ ያጉርሱኝ› በያቸው። አባትሽ የተራቡት አንቺን ነው።»