ሁሉን በአንድ ሌየር የምትሠራው ሴት

አንዲት የተማረች ሴት በአንድ መካከለኛ ከተማ ማተሚያ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ስሟ ኅሪት ይባላል። ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለሙት ዓመት የሚታተሙ ፎቶዎችን በኮምፒውተር ታቀናብራለች። እጇ የተባረከ ነው ይባልላት ነበር። የደበዘዘውን ፎቶ ታነቃዋለች፤ ከጉርድ ፎቶ የወሰደችውን ፊት ሙሉ ልብስ አልብሳ ታቆመዋለች። ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲያመሰግናት አንገቷን የምትደፋ ሴት ናት። ሰዉ ይህን ትሕትና ይለው ነበር። ግማሹ በእርግጥም ትሕትና ነው። ግማሹ ግን ፍርሃት ነበር፤ ኅሪት ለማንም ያልነገረችው አንድ ምስጢር ነበራትና።

ምስጢሯ ይህ ነው፦ ሌየር በሚባለው ነገር መሥራት አትችልም ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ሌየር ማለት እንደ ስስ መስታወት ያለ ነገር ነው። በፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ሰውዬው በአንዱ መስታወት ላይ፣ ካፖርቱ በሌላው፣ ከጀርባው ያለው አበባ በሌላው ላይ ሆነው ይደራረባሉ። ከላይ ለሚያይ ሰው አንድ ፎቶ ነው። አንዱን ማንሳት ወይም ማስጠጋት ሲያስፈልግ ግን ሌላው ሳይነካ ይነሳል። የሙያው ሀሁ ይኸው ነው። ኅሪት ዩኒቨርሲቲ በገባች ጊዜ ኮምፒውተሩ ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ ነበርና ይህን ሁሉ የተማረችው በጥቁር ሰሌዳ ነው። መምህሩ የፕሮግራሙን ገጽ በጠመኔ ይሥላል፤ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ። ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አለፈች። የሌየርን ትርጉም በቃሏ ትወጣዋለች። በእጇ ግን ነክታው አታውቅም።

ሥራ በጀመረችበት ቀን የሁለት ሙሽሮች ፎቶ ተሰጣት። ሙሽራውን ከሙሽሪት ጎን ለጥፋ፣ ፊቱ ላይ ያለውን ጥላ በብሩሽ ልታጠራ ስትሞክር ቀለሙ አልታይ አለ። ብሩሹ የሚቀባው ከሥር ባለው ሌየር ላይ ነበር፤ እሷ ግን ይህን አላወቀችም። ደነገጠች። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሽ አዝመራው በዚያው ጠዋት ለሠራተኛው ሲያስተዋውቋት፣ ይቺ ባለዲግሪ ናት፤ ያስቸገራችሁን እሷን ጠይቁ ብለው ነበር። እንዲህ የተባለች ሴት ማንን ትጠይቅ? ወዲያ ወዲህ ስትነካካ ሁሉንም ሌየር አንድ ላይ የሚያጣብቀውን ትእዛዝ አገኘች። ተጫነችው። ብሩሹ ታዘዘላት። ከዚያ ቀን ወዲህ የለጠፈችውን ሁሉ እዚያው ታጣብቀዋለች።

ችግሩ የሚመጣው ደንበኛው ሐሳቡን ሲለውጥ ነው። ደንበኛ ደግሞ ሐሳቡን ሳይለውጥ አይውልም። ከበስተኋላ ያለው አረንጓዴ ይሁንልኝ፣ ክራቫቱን ቀይ አድርጊልኝ ሲባል፣ ሌላው ሰው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የሚጨርሰውን ሥራ እሷ እንደ አዲስ ትጀምረዋለች። ጎህ ሲቀድ ትገባለች። ሌላው ምሳ ሲወጣ እሷ ትቀራለች። ስክሪኗን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ጊዜ ሲያጥራት ቫይረስ በላብኝ፣ መብራት ሄዶ ጠፋብኝ ትላለች። የመብራቱን ሁሉም ያምናታል።

አጠገቧ የሚሠራ ይትባረክ የሚባል ቀልደኛ ነበር። የኅሪት ሥራ እንደ ደብተራ ድግምት ነው፤ ሰው ካየው ይረክሳል እያለ ይነካካታል። ሠራተኛው ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን የዋለችበት ሥራ ሳይሆን የደበቀችው ነገር ያደክማታል። በመጀመሪያው ዓመት እጠይቀዋለሁ አለች። በሁለተኛው ዓመት፣ ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ አሁን ብጠይቅ ምን ይለኛል አለች። ከዚያ በኋላማ ጨርሶ የማይታሰብ ሆነ። ያልተጠየቀ ጥያቄ እያደር ይከብዳል።

አንድ ቀን እማማ ዘርፌ የሚባሉ አሮጊት ፎቶዎች በፌስታል ይዘው መጡ። አምስት ልጆች ወልደው አሳድገዋል፤ አምስቱ ግን በአንድ ላይ ቆመው ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። ታላቁ ሹፌር ነው። ከእሱ ቀጥሎ ወታደሩ፣ ከዚያ መምህሩ፣ ከዚያ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ፣ መጨረሻ ነርሷ። አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳል። ልጆቹ አዋጥተው የሠሩላቸው ቤት ቅዳሜ ሊመረቅ ነውና፣ እማማ ዘርፌ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ አምስቱን ከራሳቸው ጋር በአንድ ትልቅ ፎቶ ማየት ፈለጉ።

ኅሪት ልቧን ሰጥታ ሠራችው። እማማ ዘርፌን መሀል አስቀመጠች፤ ልጆቹን ዙሪያቸውን አቆመች። አሮጊቷ አይተው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ወዲያው ግን ታላቁ ልጅ ከነርሷ ኋላ መቆሙን አስተዋሉ። ታላቅ ከታናሽ ኋላ ቆሞ እንግዳው ምን ይላል አሉ። ኅሪት እሺ ብላ እንደ አዲስ ሠራች። ሲመለሱ ደግሞ ወታደሩና መምህሩ ጎን ለጎን መሆናቸው አሳሰባቸው፤ በአባታቸው መሬት ተኳርፈው በአካልም አንድ አግዳሚ ላይ አይቀመጡም። ነርሷ እህታቸው መሀላቸው ትግባ ተባለ። ኅሪት እንደ አዲስ ሠራች። ከዚያ ቤይሩት ያለችው ልጅ ስለወፈረች የድሮው ፎቶዬ አይሁን ብላ አዲስ ላከች። ኅሪት አሁንም እንደ አዲስ ሠራች። ዓይኗ ቀላ። ይትባረክ፣ ምነው ድግምቱ ጠነከረ አላት።

አርብ ጠዋት ፎቶው አለቀ። ሊታተም ሲል እማማ ዘርፌ በሩ ላይ ብቅ አሉ። በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ጉርድ ፎቶ ይዘዋል። የሟች ባላቸው የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ እቃ ወደ አዲሱ ቤት ሲያግዙ ከሳጥን ሥር አገኙት። ሰውዬው ሌላ ፎቶ የለውም።

"ልጆቹን አስገብቼ አባታቸውን ደጅ ላስቀረው ነው?" አሉ።

ጋሽ አዝመራው ሳቁ። ይህማ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ይቀመጡና እያዩ ታስገባልዎታለች አሏቸው። ወንበር አመጡና ከኅሪት ጎን፣ ስክሪኑ በሚታይበት በኩል አስቀመጧቸው። ራሳቸውም ቆሙ። ይትባረክ ተነሥቶ መጣና ዛሬስ ድግምቱን አየነው አለ።

አባትየው መቀመጥ ያለበት ከሚስቱ ጎን ነው። ለዚህ ደግሞ እማማ ዘርፌ ትንሽ ወደ ግራ መጠጋት አለባቸው። ኅሪት ዙሪያቸውን መርጣ ሳበቻቸው። የወታደሩ እጅ ከትከሻቸው ጋር ተቆርጦ አብሮ መጣ። የነበሩበት ቦታ ነጭ ቀዳዳ ሆነ። መለሰችው። ደግማ ሳበች፤ አሁን ደግሞ የነርሷ ቀሚስ ተከተለ። ላቧ በጆሮ ግንዷ ወረደ። መብራት ሄደ እንዳትል መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል። የቫይረሱ ሰበብ ምላሷ ላይ ደርሷል። ሰዎቹ ቢሄዱላት ማታውን ሁሉ ሠርታ ታደርሰው እንደሆነ አሰበች፤ አታሚው ግን ፎቶውን የሚጠብቀው አሁን ነው።

እማማ ዘርፌ ስክሪኑን ትተው ፊቷን ያዩ ነበር። "ላብ አጠመቀሽ ልጄ" አሏት። "ካስቸገረሽ ይቅር። እሱ እንደሆነ በሕይወት ሳለም ለሰው ቦታ መልቀቅ ያውቅበታል።"

ጉርዱን ፎቶ ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው በመሐረቡ መጠቅለል ጀመሩ። አንዱን ጫፍ አጠፉ፤ ሌላውን ጫፍ አጠፉ። ቅር ያላቸው አይመስሉም። ኅሪትን የቆረጣት ይኸው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ምስጢሯ የሚጎዳው እሷን ብቻ ይመስላት ነበር፤ ቀደም ብላ ትገባለች፣ ምሳ ትዘላለች፣ በቃ። አሁን ግን በእሷ እፍረት ምክንያት አንድ አባት ከልጆቹ ተለይቶ ወደ ሳጥን ሊመለስ ነው።

"እማማ፣ አይቅር" አለች። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው። "አይቅር። ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ እኔ ስለማላውቅበት ነው።" ከዚያ ወደ ጋሽ አዝመራው ሳትዞር፣ ጠረጴዛውን እያየች፣ "ጋሼ፣ እኔ በሌየር መሥራት አልችልም። ከገባሁ ጀምሮ አልችልም" አለች።

ጋሽ አዝመራው ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ በምን ስትሠሪ ነበር አሏት። በአንድ ሌየር፣ አለች፤ የሚለወጥ ነገር ሲመጣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። የእማማ ዘርፌንም? የእሳቸውንም፣ በተለዋወጠ ቁጥር። ጋሽ አዝመራው ራሳቸውን ያዙ። ደንበኛ ያስጠበቁበት፣ ይቅርታ የጠየቁበት ቀን ሁሉ ትዝ አላቸውና አጉረመረሙ። የተቆጡ ነበሩ፤ መቆጣታቸውም ተገቢ ነበር። ኅሪት ግን የገረማት ሌላ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የፈራችው ቁጣ መጥቶ፣ አጠገቧ ቆሞ፣ ይኸው ልክ ይህን ያህል ብቻ ሆነ።

ሊስቅ ይችላል ብላ የጠበቀችው ይትባረክ አልሳቀም።

"እኔ እኮ ሙያሽን ሰስተሽ የምትደብቂ መስሎኝ ስንት ጊዜ ተቀይሜሻለሁ" አላት። "በአንድ ሌየር ያን የሚያህል ሥራ? እኔ አንዱንም አልጨርሰውም። በይ ጠጋ በይ።"

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። መታወቂያ ከሚለበድበት ላስቲክ ጥቂት ቆርጦ አመጣ፤ በአንዱ ላይ ክብ፣ በሌላው ላይ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ደራረባቸውና አንዱን አንሸራተተው። ሌላው ባለበት ቀረ። ኅሪት አየችና ሳቀች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያየችው ሁሉ አሁን ገና ትርጉም ሰጣት። ቀድሞ የተጣበቀው ፎቶ ሊላቀቅ አይችልምና እናትየዋንና አምስቱን ልጆች ከየፎቷቸው እንደገና ማውጣት ነበረባቸው፤ ይትባረክ ይቆርጣል፣ እሷ ታስተካክላለች፤ እያንዳንዱ ልጅ በየራሱ ሌየር ላይ ይቀመጣል። አንዱን ለጊዜው መደበቅ ሲፈልጉ ከሌየሩ ጎን ያለችውን ትንሽ የዓይን ምልክት ይጫኗታል፤ ልጁ ይሰወራል፤ ደግመው ሲጫኗት ካለበት ይመለሳል። እማማ ዘርፌ ይህን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሹፌሩን እንደዚህ እንደ ልቤ የማመጣውና የምሸኘው ቢሆን ምን ነበረበት አሉ።

በመጨረሻ አባትየው ገባ። የጉርድ ፎቶው ፊት የአንድ ደንበኛ ካፖርት ተዋሰ፤ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ፤ ልጆቹም ሳይቆራረጡ አንድ አንድ እርምጃ ተጠጉለት። እማማ ዘርፌ ብዙ አዩት። ከዚያ እፍረት እንደያዘው ሰው፣ እህትየዋን ከወታደሩና ከመምህሩ መሀል አውጥተሽ ብታሳዪኝ አሏት። ኅሪት እህታቸውን ወደ ዳር ወሰደቻት፤ ሁለቱን ወንድማማቾች ትከሻ ለትከሻ አገናኘቻቸው። አሮጊቷ፣ እንዲህ ይሁን፤ አባታቸው ካለ አይጣሉም አሉ።

ፎቶው ከሰዓት በኋላ ታተመ። ኅሪት ያን ዕለት ረኃብ ተሰማት። ከይትባረክ ጋር ወጥታ ሽሮ አዘዘችና ትሪው እስኪጠረግ በላች። እሱ የደብተራነቱን ስም ለማን እንደሚያወርስ ጨንቆት ነበር። እሷ የምትስቀው አሁን ከልቧ ነበር።

ኅሪት የፈራችውን ሥራ የተማረችው በአንድ ጠዋት ነው። ዓመታት የወሰደባት መደበቁ ነበር። ስሕተቷ አለማወቋ አልነበረም፤ በጠመኔ ለተማረ ሰው አለማወቅ ነውር አይደለም። ስሕተቷ ያን ትንሽ አለማወቅ ከዲግሪዋ፣ ከስሟና ከሰው ፊት ካላት ክብር ጋር ማጣበቋ ነው። አንዱ ቢነሣ ሁሉም አብሮ ተቆርጦ የሚመጣ፣ በቦታውም ቀዳዳ የሚቀር መሰላት። አላውቅም ባለች ጊዜ ግን የተነሣው አለማወቋ ብቻ ነው። እጇ የተባረከ እንደሆነ ቀረ። ባለቤቱ ተቆጥተው በረዱ። ባልደረባዋ ወዳጅ ሆናት።

አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኛም እያንዳንዳችን ስክሪናችንን ወደ ግድግዳ ያዞርንበት አንድ ነገር አያጣንም። ይህ ጽሑፍ የደረሰው ሰው ለአንድ አፍታ ራሱን ይጠይቅ፦ አላውቅም ለማለት ያልደፈርኩት ነገር የትኛው ነው? በእኔ እፍረት ምክንያት እስከ ዛሬ ደጅ የቀረውስ ማን ነው?