ያልደረቀችው ታንኳ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። የፈራ ይውጣ። ከወጣ ግን ደጅ ብቻውን ነው።

ድሮ፣ የአያቶቻችን አያቶች ሳይወለዱ፣ በሐይቅ መካከል አንዲት ደሴት ነበረች። የበቅሎ ኮቴ እንኳ የማይሰማባት፣ ጸጥ ያለች። ሰዎቿ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። አንድ ቀን ከዋሻ ጭራቅ ወጣ። ሰው ሁሉ በታንኳ ሸሸ። ስመኝ የምትባል ልጅ አባት ግን ልጆቹን ሊያወጣ ወደ ቤት ሲሮጥ ጭራቁ በላው። ቢያድግ የሚባለውን ትንሽ ወንድሟን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ «ምን ልብላ?» ብሎ ስመኝ ላይ አፈጠጠባት።

«ዓሣ ወይስ ወንድምሽ?»

«ዓሣ፣ አያ ጭራቅ!»

አባቷ ታንኳዋን ደንገል ከሚባለው የውሃ ዳር ሣር ሲሠራ፣ «ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከሐይቅ ስትመለሺ ዳር አውጥተሽ እንድትደርቅ አቁሚያት። ካልደረቀች ትገድልሻለች» ብሏት ነበር።

ስመኝ ይህን አሰበች። አምባዛ ዓሣ አጥምዳ ስትመለስ ታንኳዋን ውሃው ላይ ተወቻት። የምትቀመጥበትን የደንገል እስር ብቻ አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

በማግስቱም፣ «ዓሣ ወይስ ወንድምሽ?»

«ዓሣ፣ አያ ጭራቅ!»

ታንኳዋን ውሃው ላይ ተወቻት። እስሩን አሰጣችው።

በሦስተኛው ቀን ጭራቁ ዓሣውን ተፋው።

«እሾህ ብቻ! ማዶ የሸሹት ሰዎች ይሸቱኛል። አሻግሪኝ!»

«እሺ፣ አያ ጭራቅ። ግን አንተ ከባድ ነህ። ልጁ ከተጨመረ እንሰጥማለን።»

«ይቆይ። ስመለስ ቁርሴ ነው» አለና ቢያድግን ከዛፍ ጋር አሰረው።

ሐይቁ መካከል ደረሱ።

«እግሬን ምን አረጠበኝ?»

«ማዕበል ነው፣ አያ ጭራቅ።»

ቀዘፈች።

«ጉልበቴን ምን አረጠበኝ?»

«ነፋሱ ነው የሚረጨው፣ አያ ጭራቅ።»

ቀዘፈች።

«ወገቤንስ ምን አረጠበኝ?»

«የበላኸው ሰው የሠራት ታንኳ ናት!»

እስሩን አቅፋ ዘለለች። ጭራቁ ፀጉሯን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ጥፍሩ ጆሮዋን ቀደደው። ታንኳዋ ይዛው ወረደች። ትንሽ አረፋ ወጣ። ከዚያ አረፋውም ጠፋ።

ስመኝ በደረቁ እስር ተንሳፍፋ ተመለሰች። ወንድሟን ፈታችው፤ ምድጃው ላይ እሳት አነደደች። ጭሱን ያዩ ጎረቤቶች እየቀዘፉ መጡ። አባቷ አልመጣም።

ልጁ ጎለመሰ፤ የራሱን ታንኳ ሠራ። ከሐይቅ በተመለሰ ቁጥር ስመኝ የተቀደደ ጆሮዋን እየዳሰሰች፣

«አቆምካት?» ትለዋለች።

«አቁሜያታለሁ፣ እታለም።»

እኔ አወራሁ፣ እናንተ ሰማችሁ። አሁን አንዳችሁ ተነሱና በሩን ዝጉ።