አናጢው ጎመን የሠራ ዕለት

አንድ ደምመላሽ የሚባል አናጢ ነበር። ሚስቱ የውብነሽ በቤታቸው ጓሮ ጎመንና ቆስጣ እየተከለች፣ እየቀጠፈችና እየሠራች ሃያ ዓመት ሙሉ ቤቷን መገበች። እሱ ግን ጓሮውን የሚያውቀው በመስኮት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የውብነሽ ድንገት ታመመች። ከሐኪም ቤት ስትመለስ ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ ብለዋት ነበር። ደምመላሽ ሥራውን ቀንሶ ቤት መዋል ጀመረ። ውሃ ቀዳ፣ ልብስ አጠበ፣ ቤት ጠረገ። እሷ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ "አንቺ ምንም አታስቢ፤ ዕረፊ ብቻ" ይላታል። ይህን የሚለው ከልቡ ስለሚወዳት ነበር። እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን ዝም እያለች ሄደች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ጎረቤት የሚያመጣላትን ምግብ እንኳ ቀምሳ ትመልሰዋለች።

ደምመላሽ ጨነቀው። "የምትወደውን ብሠራላት ትበላ ይሆናል" ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ለጋ ለጋውን መርጦ ከጎመኑ አናት ላይ ቆረጠ፤ አንዴ ለቅለቅ አድርጎ ቀቀለ፤ ሠርቶም አቀረበላት።

የውብነሽ አንድ ጊዜ ጎርሳ ማኘኳን አቆመች።

"አሸዋ አለው" አለች።

ደምመላሽ አንገቱን ደፋ።

"ከየት በኩል ቀጠፍከው?"

"ከላይ ነው፤ ለጋውን መርጬ።"

"ውይ! አናቱን ከቆረጥከውማ ምኑ ያድጋል? ጎመን ከታች ነው የሚቀጠፈው። የጎለመሰውን ቅጠል ወደ ታች ጫን ስትለው ራሱ ይገነጠላል። መሃሉን ተወው፤ በሳምንቱ ሌላ ይሰጥሃል።"

ደምመላሽ ቀና ብሎ አያት። ከታመመች ወዲህ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ወንበር አውጥቶ ሚስቱን ደግፎ የጓሮው በር ላይ አስቀመጣት።

"በይ ንገሪኝ፤ እኔ አላውቅም" አላት።

እየነገረችው ቀጠፈ። በሦስት ውሃ አጠበ፤ ወፍራም ወፍራሙን የቅጠል አገዳ አውጥቶ ከተፈ። ሽንኩርቱን ሲያሳርረው ሳቀች።

"እሳቱን ቀንስ እንጂ ሰውዬ!"

ነጭ ሽንኩርቱን በደህና እጇ ልትልጥ ስትዘረጋ፣ እንደ ልማዱ "ተይ" ሊላት ጀመረና ቃሉን ዋጠው። ትሪውን አስጠጋላት። አንዷን ፍሬ ለመላጥ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። እሱም ጠበቃት።

ቃሪያውን ጨምሮ ካወረደ በኋላ አብረው በሉ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን የውብነሽ እንዲህ አለችው፦

"'ዕረፊ' ባልከኝ ቁጥር 'ከእንግዲህ ለምንም አትፈለጊም' ያልከኝ ይመስለኝ ነበር።"

"እኔ እኮ እንዳትደክሚ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። ግን ድካሙ ይሻለኝ ነበር።"

ግራ እጇ እንደ ድሮው አልሆነላትም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳ ስታይ አልዋለችም። ደምመላሽም "ዛሬስ የቱን ልቅጠፍ?" ብሎ ሳይጠይቃት ከቤት አይወጣም።

የታመመን ማስታመም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሰው በምግብና በመድኃኒት ብቻ አይበረታም፤ እንደሚፈለግ ማወቅም ያስፈልገዋል። ከፍቅር ተነሥተን ሁሉን ነገር ከእጁ ስንቀበለው፣ ሳናውቀው ክብሩንም አብረን እንወስድበታለን።

በእናንተስ ቤት "አንተ ዕረፍ፣ አንቺ ተቀመጪ" ተብሎ ጥግ የያዘ ሰው አለ? ዛሬ ምን ጠየቃችሁት?