ሁለት ጊዜ የተመለሰችው ፍየል

«አንድ ፍየል አርቢ ነበረ» አሉኝ ሼኹ፣ ጥያቄዬን ሰምተው ሲያበቁ።

የጠየቅኋቸው ስለ ኒሷብ ነበር፤ ዘካ ግዴታ ስለሚሆንበት የሀብት ልክ። «ከዚያ ልክ በታች ያለ ሰው ለምን ይታለፋል? ድሃስ ከትንሹ ዘካ ቢያወጣ ምን ይጎዳል?» ነበር ያልኩት። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አልቆ ሰዉ ተበትኗል። እሳቸው የመስጊዱን ግድግዳ ተደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው ቀጠሉ።

ሰውየው ቆላ ነው የሚኖረው። አባቱ ብዙ ፍየል የነበራቸው፣ በየዓመቱም ዘካ የሚያወጡ ሰው ነበሩ። በእሱ ዘመን ግን ድርቅ መጣና መንጋው አለቀ። የተረፉለት ከሃያ ጥቂት የሚያልፉ ናቸው። የፍየል ኒሷብ ደግሞ አርባ ነው። አርባ ሞልቶለት ዓመት የዞረበት ሰው አንድ ያወጣል፤ ያልሞላለት ምንም የለበትም። ሰውየው ይህን ያውቃል። ቢያውቅም አልተዋጠለትም።

ዘካ የሚሰበሰብበት ጊዜ ሲደርስ ጎረቤቶቹ ፍየል እየጎተቱ ወደ መስጊድ ሲሄዱ አየ። በመስጊዱ ጓሮ በእሾህ የታጠረ በረት አለ፤ የተሰበሰበው እዚያ ይገባል። «የዚያ የደግ ሰው ልጅ እኮ ዘካ ማውጣት ተወ» የሚሉት መሰለው። ማንም አላለም። ለእሱ ግን ጆሮው ላይ የተናገሩት ያህል ተሰማው። ብድግ አለና ካሉት ሁሉ ምርጧን፣ ብቻዋን ለልጆቹ የምትታለበውን ቦራ ፍየል አስሮ ወጣ።

ሚስቱ ጦይባ ከደጅ አገኘችው። «ወዴት ነው?»

«ወደ መስጊድ።»

«ፍየሏም ልትሰግድ ነው?»

ገመዱን ጎትቶ ሄደ።

በረቱ አጠገብ ዘካ ተቀባዩ ሽማግሌ «አርባ ሞላልህ?» ብለው ጠየቁት። «አልሐምዱ ሊላህ!» አለ። ውሸት አልተናገረም፤ እውነቱንም አልተናገረም። ሽማግሌው «አላህ ይቀበልህ» ብለው ፍየሏን አስገቧት። ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚያ አገር ዘካ የሚቀበለው ሌላ፣ የሚያከፋፍለው ሌላ ነው። ሰጪውና የሚደርሰው ድሃ እንዳይተፋፈሩ ብለው ያደረጉት ነው። የማከፋፈሉ ሥራ የአንድ ሐጂ ነበር። ሐጂው ሰላምታ ለማቅረብ ብለው በየቤቱ ይገባሉ፤ ዓይናቸው ግን ማን ምን እንደጎደለው ያያል። ጦይባ ቤት ሲገቡ ልጆቹ በውሃ ብቻ የተበጠበጠ ሙቅ ሲጠጡ አገኟቸው።

«ወተት የላችሁም እንዴ?» አሏት።

«ነበረን» አለች። የባሏን ገመና አላወጣችም።

ሐጂው ሌላ አልጠየቁም። በማግስቱ ሰው ልከው አንዲት የምትታለብ ፍየል ጦይባ ደጅ ላይ አሳሰሩ። ጦይባ ወጥታ ስታይ ያቺው ቦራ ፍየል ናት። ወገቧን ይዛ ሳቀች።

ሰውየው ከእርሻ ሲመለስ ግን አልሳቀም። «ኧረ አምልጣ መጥታለች! ለአላህ ብዬ የሰጠሁትን ደጄ አስሬ ልገኝ?» አለና፣ ጦይባ አፏን ሳትከፍት ገመዱን ይዞ ሮጠ። ተቀባዩ ሽማግሌም «አጥሩ ላልቶ ነው» ብለው ፍየሏን አስገቡና ሲያጥሩ ዋሉ።

ሐጂው ተመልሰው ፍየሏን በረቱ ውስጥ ሲያዩ፣ ጦይባ አፍራ የመለሰቻት መሰላቸው። አንጀታቸውን በላቻቸው። አሁን ፍየሏን ከአንድ ጆንያ ማሽላ ጋር ላኩላት።

ሰውየው መጣ። «ይቺ ፍየል ምን ነክቷታል?» ብሎ ወደ ገመዱ ሲሄድ ጦይባ ፊቱ ተገተረች።

«እሺ፣ ፍየሏስ አምልጣ ነው እንበል። ማሽላውንም ተሸክማው መጣች?»

ጆንያውን አየ። ፍየሏን አየ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ማን እንደላከላቸው ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«ከአባቴ ቤት ዘካ ይወጣል እንጂ አይገባም!»

«አባትህ አርባ ፍየል ነበራቸው» አለችው። «አንተ ያለህ እኛን ነው።»

ሰውየው ከተቀመጠበት ተነሳ። ከዚያ ፍየሏን ይዞ ወደ ኢማሙ ሄደና አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ኢማሙ ሁለቱን ሽማግሎች አስጠሩ። ተቀባዩ ሽማግሌ ነገሩን ሲሰሙ «እኔ ታዲያ ጣቴን እሾህ እስኪወጋኝ ያጠርኩት ለዚህ ነው?» አሉ። ሐጂው ሳቃቸው አፈናቸው። ኢማሙም ጥምጥማቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። ሰውየው ግን አቀርቅሯል። ኢማሙ ይህን ሲያዩ ሳቃቸውን ገቱ።

«ስማኝ ልጄ። አንተ የሰጠኸው ዘካ አይደለም፤ የልጆችህን እራት ነው። ኒሷብ አንተን ከደጅ ለማስቀረት የተሰመረ መስመር መሰለህ? አንተን ለመጠበቅ የተሰመረ ነው። አባትህ ሞልቶላቸው ሲሰጡ የታዘዙትን ፈጸሙ። አንተም ጎድሎህ ስትቀበል በዚያው ትእዛዝ ውስጥ ነህ። የሚቀበል ከሌለ የሚሰጠው ለማን ይሰጣል? ይልቅ ገመዱን ያዝ።»

ሰውየው ገመዱን ያዘ። በጓሮ የሚወስድ ቀጭን መንገድ ነበር፤ ማንም ሳያየው ያደርሰዋል። ጥቂት አመነታና በገበያው መሀል አለፈ። አንድ ነጋዴ «ምን ያለች ፍየል ናት! ከየት አገኘሃት?» አለው። «ከዘካ ደርሳኝ ነው» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ማሻአላህ፣ ወተቷን ያብዛላችሁ» አለ ነጋዴው፣ ወደ ሥራውም ዞረ። በቃ፤ ይኸው ነው። ሰውየው ያን ያህል ጊዜ የፈራው ነገር ይህች ብቻ መሆኗ አስገረመው። ቤቱ እስኪደርስ ለብቻው ፈገግ እያለ ሄደ። ፍየሏን ራሱ ያዘላትና ጦይባ አለበች፣ ልጆቹም ጠጡ። ከዓመታት በኋላ መንጋው ሞልቶለት፣ ዓመት ዞሮበት፣ ዘካውን አውጥቷል።

ሼኹ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ዘካውን ከየት ልታወጣ አስበህ ነበር?»

መሬት መሬት አየሁ። «ለእናቴ መድኃኒት ካስቀመጥኩት» አልኩ። «ገበያ ውስጥ የሱቅ ጎረቤቶቼ ሁሉ ሲያወጡ እኔ ብቻ…»

«ያ ሰው አንተ ነህ፤ መድኃኒቱም ያቺ ፍየል ናት» አሉኝ። «ወርቁም፣ እህሉም፣ ንግዱም የየራሱ ልክ አለው። ያንተ ገንዘብ ልኩን አልሞላም። ልኩ የሞላለትና ዓመት የዞረበት ሰው ለሌላው የሚሆን ድርሻ በእጁ አለ። ያንተ ግን ባለቤት አለው፤ እናትህ ናቸው። እሳቸውን መድኃኒት አሳጥተህ አላህን የምታስደስት እንዳይመስልህ። መስጠት ካማረህ የሰደቃ በር ክፍት ነው፤ ሰደቃ ኒሷብ የለውም፣ ከሚተርፍህ አንድ ዳቦም ቢሆን ስጥ። የሞላልህ ዕለት ደግሞ ማንም ሳይጠራህ ና።»

«እስከዚያስ?» አልኳቸው።

«እስከዚያማ አብሽር!» አሉ፤ ትከሻዬን ይዘው እየተነሱ። «አሁን መድኃኒት ቤቱ ሳይዘጋ ሩጥ።»